«ካርድሽ እንዳያልቅብሽ»

የምኖርበትን ሰፈር ስም ስናገር የክፍሌ ልጆች መሳቅ ይወዳሉ። «ሲግናል» ስላቸው «ታዲያ ኔትወርኩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም ለምጄዋለሁ። ስያሜው ከጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል እንደመጣ የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ቀና ስንል የእንጦጦ ተራራ ይታየናል፣ ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ መገናኛ ነን። እንግዲህ በሲግናልና በመገናኛ መሐል ያደገች ልጅ ስለ ስልክ ካልጻፈች ማን ይጻፍ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሴሚስተር መምህራችን «ቤታችሁ ውስጥ ወጪ የቀነሰ አንድ ነገር ምረጡና ከነሒሳቡ ጽፋችሁ አምጡ» አሉን። አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ መረጠ፣ ሌላዋ የጋራ ታክሲ። እኔ ሳላመነታ የኢንተርኔት ስልክን ያዝኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ድሮ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ይህን ያህል ይወጣ ነበር፣ ዛሬ ይህን ያህል፣ ልዩነቱ ይኸው… አለቀ! እቤት ሄጄ እማዬን መጠየቅ ስጀምር ግን አንድ ቦታ ላይ ሒሳቡ እምቢ አለኝ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ያ ቦታ ነው።

የካርድ ዘመን

አክስቴ ጅዳ የሄደችው በ2002 ዓ.ም. ነው። የእናቴ ታናሽ ናት። እኔና ወንድሜ «እቴቴ» ነው የምንላት። እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ሴቶች ሰው ቤት ልትሠራ ነው የሄደችው። እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ሻንጣዋን ሳይሆን ከሄደች በኋላ የቤታችን ስልክ የተከበረ ዕቃ መሆኑን ነው። ሳሎናችን ጥግ ላይ፣ በአያቴ ዳንቴል ተሸፍኖ የተቀመጠ የመስመር ስልክ አለን። አርብ ከሰዓት በኋላ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። አርብ የእቴቴ የዕረፍት ቀን ነው፣ የምትደውለውም ያን ቀን ነው።

አያቴን «እምዬ» ነበር የምንላት። እምዬ ስልክ ስታወራ ትጮሃለች። ጅዳ ሩቅ ስለሆነ ካልጮኸች ድምፅዋ የሚደርስ አይመስላትም። ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል። «ደህና ነሽ ወይ? ጤናሽ እንዴት ነው? ምግቡ ተስማማሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን! በይ በይ፣ ካርድሽ እንዳያልቅብሽ!» ትልና ወዲያው እጀታውን ለእማዬ ትሰጣታለች። እማዬም ቶሎ ቶሎ ብላ ቁምነገሩን ትጨርሳለች። ሁሉ ነገር ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ከሦስቱ ደቂቃ አንዱ ሰላምታ ነው፣ ሌላው «ካርድሽ እንዳያልቅብሽ» ነው፣ በቀረው ነው ወሬው።

እቴቴ የምትደውለው በ10 ሪያል የሚፋቅ ካርድ እየገዛች ነበር። አንዳንዴ በእማዬ ሞባይል ስትደውል አንድ የሚገርም ነገር ይከሰታል፤ ከጅዳ ነው የምትደውለው፣ ስልኩ ላይ የሚመጣው ግን በ09 የሚጀምር የአገር ውስጥ ቁጥር ነው። እምዬ መጀመሪያ ጊዜ ይሄን ስትሰማ «ልጄ አዲስ አበባ ገብታለች፣ ደብቃችሁኝ ነው!» ብላ ተነሥታ ነበር። እማዬ በዚያ ቁጥር መልሳ ስትደውል ግን የሚያነሣ የለም።

የዚህን ምስጢር ያወቅሁት አሁን ለዚህ ጽሑፍ ሳነብ ነው። በመደበኛው መንገድ አንድ ጥሪ ከጅዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ የዚያኛው አገር ስልክ ድርጅት ለዚህኛው ድርጅት በየደቂቃው ሒሳብ ይከፍላል። የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሲም ቦክስ የሚሉት መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ግን ጥሪውን በኢንተርኔት አምጥተው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በደረደሩት ሲም ካርድ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርገው ይለቁታል። በየደቂቃው መከፈል የነበረበት የውጭ ምንዛሪ ይቀራል፣ ካርዱ ይረክሳል፣ በእማዬ ስልክ ላይም የ09 ቁጥር ይመጣል። እቴቴ ይሄን ሁሉ የት አውቃ! ሱቁ ረከሰ ያላትን ካርድ ነው የገዛችው።

መንግሥት ነገሩን የጠላው ለዚህ ነው። በኢንተርኔት ድምፅ መለዋወጥና ፋክስ መላክ በአዋጅ ቁጥር 281/1994 ተከልክሎ ነበር። ስካይፕ የሚባለው እንኳ ገና አልተፈጠረም፤ እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኛ አገር ሕጉ ከዕቃው ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ቤቱ

በ2004 ዓ.ም. ክረምት እቴቴ ጓደኛዋ ቤት ኮምፒዩተር አግኝታ «በስካይፕ ልያችሁ» አለች። ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር፣ በደቂቃ 25 ሳንቲም። እምዬ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲስ ነጠላ አጣፍታ ወጣች። ስትሄድ ያያት ሰው ክርስትና የተጠራች ነው የሚመስለው።

የዚያን ሰሞን ግን ሰዉ ፈርቶ ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የወጣው ያኔ ነው። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ ተጠቃሚውም ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እሥራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። ባለሥልጣናት «ለግል ጉዳይ ስካይፕ የሚጠቀመውን አንነካም» ብለው ማስተባበያ ቢሰጡም ወሬው ከማስተባበያው ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት እማዬን ወደ ጥጉ ኮምፒዩተር ወስዶ «እትዬ፣ እናትየዋ ቀስ ብለው እንዲያወሩ ይንገሩልኝ» አላት። እምዬን! ቀስ ብላ!

እቴቴ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል እምዬ መጀመሪያ አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካከለችና «ታየኛለች?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችን። «አዎ፣ ታይሻለች» ስንላት ኮምፒዩተሩን ሳመችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት እንኳን ባለቤቱ የየካ ሚካኤል ካህናትም ሳይሰሙት አልቀሩም። አሥራ ሁለት ደቂቃ አወራን። ሦስት ብር ከፈልን። በዚያው ጊዜ በመደበኛው መስመር ከዚህ ወደ ጅዳ ብንደውል ኖሮ ሦስት ብር አንድ ደቂቃም አትገዛም ነበር።

መንገዱ ግን እንደ ክረምት መንገድ ነው፣ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። በ2005 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ቫይበርን ዘጋች። እዚህ ፈርተን፣ እዚያ ተዘግቶ፣ እቴቴ እንደገና ወደ ካርዷ ተመለሰች።

ነፃው ዘመን

ከዚያ ኢሞ መጣ። ኢሞን የማያውቅ የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪ ክልከላዋን አነሣች። በነሐሴ 2010 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪውን 40 በመቶ ቀነሰ። የድምፅ ጥሪ በኢንተርኔት ሲሆን ብዙ ዳታ አይበላም፤ ድምፁ ተጨምቆ በትንንሽ ጥቅል ስለሚላክ አንድ ደቂቃው አንድ ሜጋባይት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ትልቁ ነገር ደግሞ ጅዳም ሆነ ሾላ ገበያ ለኢንተርኔቱ ርቀቱ አንድ ነው። እቴቴ በአሠሪዎቿ ቤት ዋይፋይ፣ እኛ በትንሽ ጥቅል፣ በየቀኑ መገናኘት ሆነ።

ስልኩ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ይቀመጣል። እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እቴቴ እዚያ ልብስ ትተኩሳለች፣ ማንም ምንም አይናገርም። አንዳንዴ ሰላሳ ደቂቃ ዝም ተባብለው ይውላሉ። ይሄ ለኔ ትልቁ ትርፍ ነው። በካርድ ዘመን ዝምታ በሪያል የሚገዛ ነገር ስለነበር ማንም አይገዛውም ነበር።

እምዬ ግን አልተለወጠችም። ሁለት ደቂቃ ካወራች በኋላ «በይ በይ፣ ካርድሽ እንዳያልቅብሽ!» ትላለች።

«እምዬ፣ ካርድ የለም እኮ! ነፃ ነው» እላታለሁ።

«ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው?»

«ማንም»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ትለኛለች።

ቁጠባው ሲጥመን ጊዜ እየጨመርንበት ሄድን። እቴቴ «ለምን በከንቱ ካርድ እሞላለሁ» ብላ ሲም ካርዷን ጣለችው። ኢሞዋ የተመዘገበው በዚያው ቁጥር ስለነበር ዋይፋይ እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ቁጥሩ ራሱ ግን ሞቷል። እኛም በበኩላችን የመስመር ስልኩን ልናስቆርጠው አሰብን። «ወር በገባ ቁጥር ለማንጠቀምበት እንከፍላለን» አለች እማዬ። ሾላ ገበያ ቅመም እየሸጠች ቤት የምታስተዳድር ሴት ስለሆነች ብር የምትባል ነገር ከእጇ በከንቱ አትወጣም። እምዬ እምቢ አለች። «ልጄ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር ይሄ ነው» ብላ ዳንቴሉን አስተካከለችና ተቀመጠች። የአሮጊት ነገር ብለን ተውናት።

ሰኔ 2012

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ተመልሶ የመጣው ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ወደ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ኮሮናም ነበር፣ ትምህርት ቤት ከመጋቢት ጀምሮ ዝግ ነው፣ ሁላችንም ቤት ነን። ኢሞው ዝም አለ። መጀመሪያ «ነገ ይመጣል» አልን።

ሰኔ 26 ሌሊት እምዬ ታመመች። የቆየ ደም ግፊት ነበረባት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ቀብሩ እንደ ወጉ አልሆነም። በኮሮናው ምክንያት ድንኳን አልተጣለም፣ ዕድርተኛው በራፍ ላይ ተራርቆ ቆሞ ተሰናበተ። ከሁሉ የባሰው ግን እቴቴ ነበረች። እማዬ ሐዘኗን ትታ የእህቷን ቁጥር ትደውላለች። የሚመልስላት በዐረብኛ የተቀዳ ድምፅ ነው። ያ ቁጥር ከሞተ ሁለት ዓመቱ መሆኑን ያስታወስነው ያን ዕለት ነው። የጓደኞቿ ቁጥርስ? የጓደኞቿ ሁሉ ያለው ኢሞ ላይ ነው። የአሠሪዎቿን ስልክ ማናችንም አናውቅም። አሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ፣ ኋላም በየቀኑ ያወራናት ሰው ያለችበትን ቤት የሚያገናኘን አንድም መንገድ በእጃችን የለም።

መርዶ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። በስልክ አይነገርም። እዚያ ያሉ ጓደኞቿ ተሰብስበው፣ በጠዋት ሄደው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ነው የሚነግሯት። እማዬ እነሱን የምታገኝበት መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረባት። ስለዚህ ጠበቅን።

ሐምሌ 2 ቀን ማታ የመስመር ስልኩ ጮኸ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ የበር ደወል የመሰለን ሁሉ ነበርን። እማዬ አነሣችው። እቴቴ ነበረች። ከቤት መውጣት ስላልቻለች የማዳሟን ስልክ ለምና፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የያዘችውን ቁጥር መትታ ነው። «ምን ሆናችሁ ነው? ለምን ጠፋችሁ? ደህና ናችሁ?» ትላለች። አጠገቧ ቆሜ ድምፅዋን እሰማለሁ።

«ደህና ነን፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ነው» አለች እማዬ።

«እምዬስ? እስቲ አቅርቢልኝ»

እማዬ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ የእምዬ አልጋ ባዶውን ከፊቷ ነው። «ተኝታለች» አለች። «ደክሟት ነው የተኛችው»

«ቀስቅሻት በናትሽ፣ ድምፅዋን ብቻ ልስማ»

ያኔ እማዬ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «የሰው ስልክ ነው፣ በይ በይ፣ ካርድሽ እንዳያልቅብሽ» አለችና ዘጋችው። ከዚያ እጀታውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

የማዳሟን ቁጥር ሳትቀበላት ነው የዘጋችው። የኛ ስልክ የደዋይ ቁጥር የማያሳይ የድሮ ስልክ ነው።

እምቢ ያለው ሒሳብ

ኢንተርኔቱ እንደተመለሰ እማዬ መጀመሪያ ያደረገችው የእቴቴን መልእክቶች ሳትከፍት ጓደኞቿን መፈለግ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄደው ነገሯት። አርባው ሳይወጣ ደረሰላት ማለት ነው፤ ለሷ ግን እናቷ የሞተችው ያን ዕለት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ባለፈው ወር በኢሞ ጠየቅኋት። «እቴቴ፣ ያን ማታ ምንም አልጠረጠርሽም?» አልኳት። ዝም አለች፤ ዝምታ አሁን ነፃ ነውና ጠበቅኋት።

«ያን ማታ ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «ካርድሽ እንዳያልቅብሽ የምትለኝ እምዬ ነበረች። እናትሽ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም። እሷ ስትለው ስሰማ… በቃ። ጓደኞቼ እስኪመጡ ድረስ አላወቅሁም ብዬ ከራሴ ጋር ስከራከር ከረምኩ»

ይሄን እማዬ እስካሁን አታውቅም። ይህ ቡለቲን ቤት ሲገባ ታነበው ይሆናል፤ እንዲህ ቢነገራት ይሻላል ብላ የፈቀደችልኝ ራሷ እቴቴ ናት።

እንግዲህ ለመምህራችን የምሰጠው ሒሳብ ይህ ነው። ያዳንነው ብዙ ነው፣ አልክድም። የእቴቴ የካርድ ብር ወንድሜን አስተምሯል። ኢሞ ባይኖር ኖሮ እምዬ የልጇን ፊት ከሄደች በኋላ በኢንተርኔት ቤቱ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ አይታው በሞተች ነበር። ይሄን የሚያጣጥል ሰው ውጭ አገር ሰው የሌለው ነው። ከመዝገቡ በሌላኛው ወገን ግን ለመቆጠብ ብለን የጣልነው ሲም አለ፣ ልናስቆርጠው የነበረው መስመር አለ፣ ሐምሌ 2 ቀን ማታ አለ። የእምዬን ጥያቄ አሁን ነው የምመልሰው። ነፃ የመሰለንን ጥሪ እኛም ከፍለንበታል፤ የከፈልነው ሌላ መንገድ ሁሉ በመተው ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ገበያውን ለውድድር ከፍቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮምም አገልግሎት ይሰጣል። ያ እምዬ የሳመችው ስካይፕ ደግሞ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ዛሬ የምንገናኝበትም አንድ ቀን ይዘጋ ይሆናል፤ በትእዛዝ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ።

ስለዚህ በየዶርሙ በኢሞና በዋትስአፕ የምታመሹ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ምክር ባልሰጥ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሦስት ነገር ልበል። ውጭ ያለ ሰዋችሁ የሚሠራ ሲም እንዲኖረው፣ በወር አንዴም ቢሆን እንዲሞላው ጠይቁት። የአንድ ጓደኛውን ወይም የአሠሪውን መደበኛ ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ከቤታችሁም ቢያንስ አንድ ቁጥር እሱ በቃሉ ይያዝ።

የመስመር ስልካችን አሁንም አለ። ዳንቴሉ እላዩ ላይ ነው። እማዬ በየወሩ ሒሳቡን ስትከፍል አይቼ «ማን ይደውልበታል ብለሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን። «ማንም አይደውልበት» አለችኝ። «እሱ ነው የምፈልገው»

ቸር ያሰማን!